ስለ ቤት ማሞቂያ ቦይለር፤ ከመሣሪያው ይልቅ የቧንቧው አዘረጋግ

ለሰው ልጅ ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ቤት ነው። ቤትም ከዝናብና ከነፋስ ብቻ ሳይሆን ከብርድም የሚያድን ካልሆነ፥ ቤት መባሉ በስም ብቻ ይሆናል። እኛ በደጋው አገራችን ብርድ ሲበረታብን በምድጃ ዙሪያ ተሰብስበን፥ ጋቢያችንን ተከናንበን እናሳልፈዋለን። በሰሜን አውሮጳ ግን ክረምቱ ረጅም፥ ቀኑ አጭር፥ ውርጩም ብርቱ ስለ ሆነ፥ ቤት የማሞቅ ነገር ከቤተ ሰብ ወጭ መካከል ከፍ ያለ ስፍራ የሚይዝ ጉዳይ ነው።

በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ዛሬ የምናቀርበው በእንግሊዝ አገር ቤቶች ስለሚሞቁበት ጥበብ ነው። በዚያ አገር አብዛኛው መኖሪያ ቤት የሚሞቀው በጋዝ በሚነድ ቦይለር ነው። ቦይለር ማለት ውሃን የሚያሞቅ ዕቃ ሲሆን፥ የሞቀው ውሃ በፓምፕ እየተገፋ በቧንቧ ወደየክፍሉ ይሄዳል። በየክፍሉም ግድግዳ ራዲያተር የሚባል ሰፊ የብረት ሰሌዳ ተተክሏል። ውሃው ሙቀቱን ለራዲያተሩ፥ ራዲያተሩም ለክፍሉ ከሰጠ በኋላ፥ የቀዘቀዘው ውሃ እንደ ገና ለመሞቅ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። ከእንግዲህ ወዲህ ከቦይለሩ የሚወጣውን ውሃ «ሂያጅ»፥ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ውሃ «ተመላሽ» እያልን እንጠራዋለን። በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ቤት ይዘው የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም።

ባለቤቱ አዲስ ቦይለር ሊያስገባ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የመሣሪያውን ስምና ዋጋ ነው። ይህን መጠየቁ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ዋናው ጥያቄ ይህ አይደለም። ያው አንዱ ቦይለር በአንዱ ቤት ቆጣቢ፥ በሌላው ቤት አባካኝ ሆኖ ይገኛል። ይህን ልዩነት ከሚያመጡት ነገሮች ዋናው የቧንቧው አዘረጋግ ነው። «ካያያዝ ይቀደዳል፥ ካነጋገር ይፈረዳል» እንደሚባለው፥ መልካሙ መሣሪያ በክፉ አያያዝ ከንቱ ይሆናል። ይህም ስለምን እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

የአዲሱ ቦይለር ጥበብ

ጋዝ ሲነድ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ውሃም ይወለዳል። ይህ ለሚሰማው ሰው እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን እውነት ነው። በጋዙ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ እንፋሎት ይሆናል። 1 ሜትር ኩብ ጋዝ ሲቃጠል የሚወጣው እንፋሎት በሙሉ ወደ ውሃነት ቢመለስ፥ 1 ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ይገኝበታል። በአሮጌው ቦይለር ይህ እንፋሎት ከጢሱ ጋር በጢስ መውጫው ወጥቶ ይሄድ ነበር።

እንፋሎቱም ባዶውን አይሄድም፤ በውስጡ የተሸሸገ ብዙ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በረዶ ሊሆን የቀረበ 1 ሊትር ውሃ እስኪፈላ ድረስ የሚፈጀውን ሙቀት ብንለካ፥ ያንኑ የፈላ ውሃ ፈጽሞ እንፋሎት ለማድረግ የሚያስፈልገው ሙቀት የዚያን ከ5 እጥፍ ይበልጣል። እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ በሆነ ጊዜ ይህንኑ ሙቀት መልሶ ይሰጣል። ከጋዙ ጠቅላላ ሙቀት ከ10 እጅ 1 እጅ ያህሉ በዚህ ዓይነት በእንፋሎት ውስጥ ተሸሽጎ የሚገኝ ነው።

አዲሱ ቦይለር የተሠራው ይህን የሚጠፋ ሙቀት ለመልቀም ነው። እንዲህ ያለው የቤት ቦይለር በ1980ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በኔዘርላንድ ለገበያ ቀረበ፤ በእንግሊዝና በዌልስም ከሚያዝያ ወር 2005 ጀምሮ፥ ከጥቂት ቤቶች በቀር፥ አዲስ የሚገባ የጋዝ ቦይለር ሁሉ የዚህ ዓይነት እንዲሆን በሕግ ተደነገገ። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ጥበብ ለመረዳት ከአገራችን ምሳሌ እናምጣ። አረቄ የምታወጣ ሴት እንፋሎቱን በመቃ አሳልፋ ወደ ማጠራቀሚያው ስትሰድ፥ ማጠራቀሚያውን በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ውሃው በሞቀባት ጊዜም ቶሎ ብላ ትለውጠዋለች። ባትለውጠው እንፋሎቱ በኖ ይጠፋል እንጂ አረቄ ሆኖ አይወርድም። ጋኑ የቱንም ያህል መልካም፥ እሳቱ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፥ የማቀዝቀዣው ውሃ ከሞቀ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

በቦይለሩም ውስጥ እንዲሁ ነው። በዚያ የማቀዝቀዣውን ሥራ የሚሠራው ከራዲያተሮቹ የሚመለሰው ውሃ ነው። ትኩሱ ጢስ ተመላሹ ውሃ ባለበት ቧንቧ ዙሪያ ሲያልፍ፥ ውሃው ከ55 ዲግሪ ያህል በታች የቀዘቀዘ እንደ ሆነ፥ እንፋሎቱ እንደ ጤዛ እየሆነ ይንጠባጠባል፤ ሙቀቱንም ለውሃው ያስረክባል። ተመላሹ ውሃ ከዚህ ልክ በላይ የሞቀ እንደ ሆነ ግን ጤዛ አይወርድም፤ አዲሱም ቦይለር እንደ አሮጌው ይሆናል። በ55 ዲግሪም ቢሆን ጤዛው መጀመሩ ነው እንጂ መብዛቱ አይደለም፤ ውሃው እየቀዘቀዘ በተመለሰ መጠን የሚለቀመው ሙቀት እየበዛ ይሄዳል። ተመላሹ ውሃ ከ55 ዲግሪ በላይ በሆነ ጊዜ ቦይለሩ ከጋዙ ሙቀት 87 በመቶ ያህሉን ለቤቱ ይሰጣል፤ ተመላሹ ወደ 30 ዲግሪ የቀረበ እንደ ሆነ ግን 95 በመቶና ከዚያም በላይ ሊሰጥ ይችላል።

እንግዲህ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ተመላሹ ውሃ ነው። ከዚህ በታች የምንዘረዝረውን የቧንቧ አዘረጋግ ሁሉ አንባቢው በዚህ አንድ ጥያቄ ይመዝነው፤ ይኸውም «ውሃው ቀዝቅዞ ይመለሳልን?» የሚል ነው።

የቀድሞ ልማድ

በቀድሞ ዘመን በእንግሊዝ አገር የቤት ማሞቂያ ሲታቀድ፥ ሂያጁ ውሃ 82 ዲግሪ፥ ተመላሹ ውሃ 71 ዲግሪ እንዲሆን ነበር። አስተውሎ ለተመለከተው ሰው፥ በዚህ ልክ በተሠራ ቤት አዲሱ ቦይለር ቢገባ፥ ሙሉ ኃይሉን በሚሠራበት ጊዜ አንዲት ጠብታ ጤዛ እንኳ እንደማያወርድ ግልጽ ነው።

የቀድሞ ሠራተኞች እንዲህ ያደረጉት ግን ካለማወቅ አልነበረም። የአሮጌው ቦይለር ሆድ ብዙውን ጊዜ ከቀለጠ ብረት የተሠራ ስለ ነበረ፥ ጤዛ ያረፈበት እንደ ሆነ ይዝግና ይበላሽ ነበር። ስለዚህ ተመላሹ ውሃ ቀዝቅዞ እንዳይገባ መጠበቅ የሙያው ዋና ብልኃት ነበረ። አንዳንድ ጊዜም ከሂያጁ ትኩስ ውሃ ጥቂቱን በአጭር ቧንቧ ወደ ተመላሹ እየቀላቀሉ ያሞቁት ነበር። በዛሬው ቦይለር ግን ጤዛው የሚያርፍበት ክፍል ዝገትን ከሚችል ብረት የተሠራ ስለ ሆነ፥ ነገሩ ተገልብጧል። ቀድሞ መሣሪያውን ያድን የነበረው አጭር ቧንቧ፥ ዛሬ የባለቤቱን ገንዘብ በጢስ መውጫ የሚያወጣ ሆኗል። መሣሪያው ተለውጦ ልማዱ ባይለወጥ፥ ጉዳቱ የሚወድቀው በየወሩ ሒሳብ በሚከፍለው ቤተ ሰብ ላይ ነው።

ልዩ ልዩ የቧንቧ አዘረጋግ

ቦይለሩንና ራዲያተሮቹን የሚያገናኘው ቧንቧ በልዩ ልዩ መንገድ ሊዘረጋ ይችላል። ዋና ዋናዎቹም እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ ቀጥተኛው አዘረጋግ። በዚህ ሥርዓት አንድ ፓምፕ ብቻ አለ። ውሃው ከቦይለሩ ወጥቶ በራዲያተሮቹ ያልፋል፤ ሳይቀላቀልም በቀጥታ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል። ራዲያተሩ ያቀዘቀዘው ውሃ እንደ ቀዘቀዘ ስለሚደርስ፥ ጤዛ ለማውረድ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። ለመካከለኛ ቤተ ሰብ ቤት፥ ራዲያተር ብቻ ላለበት፥ ይህ አዘረጋግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ዕቃው ጥቂት፥ ወጭውም አነስተኛ ነው።

ነገር ግን አንድ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ነገር አለ። በራዲያተሮቹ ላይ ክፍሉ ሲሞቅ በራሳቸው የሚዘጉ መዝጊያዎች ይገጠማሉ። ሁሉም በአንድነት የተዘጉ እንደ ሆነ ውሃው መሄጃ ያጣል፤ ቦይለሩ ደግሞ እሳቱ ሲነድ በውስጡ የሚያልፍ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ግፊት ሲበዛ ብቻ የሚከፈት ማሳለፊያ መዝጊያ በሂያጁና በተመላሹ መካከል ይገባል፤ ወይም አንዱን ራዲያተር ያለ መዝጊያ ይተዉታል። ማሳለፊያው በትክክል ካልተስተካከለና ሁልጊዜ ክፍት ሆኖ ከቀረ፥ ትኩሱ ውሃ ቤቱን ሳያሞቅ ወደ ቦይለሩ ይመለሳል፤ ያ የቀድሞ ልማድም በሌላ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። ፍጥነቱን እንደ ፍላጎቱ የሚቀንስ ፓምፕ የተገጠመ እንደ ሆነ ይህ ችግር ይቃለላል።

2ኛ፤ ባለ ሁለት ዙር አዘረጋግ። ቤቱ ሰፊ፥ ፎቁም ብዙ ሲሆን አንድ ፓምፕ አይበቃም። በዚህ ጊዜ ቦይለሩ የራሱ ዙርና የራሱ ፓምፕ፥ ቤቱም የራሱ ዙርና የራሱ ፓምፕ ይኖረዋል። ሁለቱ ዙሮች የሚገናኙት እጅግ ተቀራርበው በተተከሉ ሁለት ባለ ሦስት አፍ መገናኛዎች ነው። በመገናኛዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከቧንቧው ስፋት ከ4 እጥፍ እንዳይበልጥ ያስፈልጋል። እንዲህ የተቀራረቡ እንደ ሆነ በመካከላቸው የግፊት ልዩነት ስለማይኖር፥ የአንዱ ዙር ፓምፕ የሌላውን አይገፋም፤ እያንዳንዱም በሰላም ሥራውን ይሠራል። ይህን አዘረጋግ በ1954 በአሜሪካ ያስፋፋው ጊል ካርልሰን የሚባል የቤልና ጎሴት ኩባንያ መሐንዲስ ነው።

ጥበቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን አደጋ አለበት። ይህንንም በቍጥር እናሳይ። የቦይለሩ ፓምፕ በየደቂቃው 20 ሊትር ውሃ በ70 ዲግሪ ያወጣል እንበል። የቤቱ ፓምፕ ግን በየደቂቃው የሚወስደው 10 ሊትር ብቻ ነው፤ ራዲያተሮቹም ይህን 10 ሊትር ወደ 40 ዲግሪ አቀዝቅዘው ይመልሱታል። የተረፈው 10 ሊትር ምን ይሆናል? በሁለቱ መገናኛዎች መካከል አቋርጦ፥ በ70 ዲግሪ እንደ ሞቀ፥ ከተመላሹ ጋር ይቀላቀላል። 10 ሊትር የ70 ዲግሪ ውሃና 10 ሊትር የ40 ዲግሪ ውሃ ሲቀላቀሉ 20 ሊትር የ55 ዲግሪ ውሃ ይሆናሉ። ራዲያተሮቹ ሥራቸውን በሚገባ ፈጽመው ውሃውን ወደ 40 ዲግሪ አቀዝቅዘው ነበር፤ ነገር ግን ያ መልካም ቅዝቃዜ ከቦይለሩ ሳይደርስ በመንገድ ጠፋ።

ነገሩ የተገለበጠ እንደ ሆነስ? ቦይለሩ 10 ሊትር፥ ቤቱ 20 ሊትር የሚያዘዋውሩ ከሆነ፥ ከቤቱ ተመላሽ ውሃ 10 ሊትሩ ተሻግሮ ከሂያጁ ጋር ይቀላቀላል። ቦይለሩ 70 ዲግሪ ቢሰጥም ራዲያተሮቹ የሚደርሳቸው 55 ዲግሪ ነው። በዚህ ጊዜ ተመላሹ 40 ዲግሪ ሆኖ ስለሚገባ ጤዛው አይቋረጥም፤ ይሁን እንጂ ቦይለሩ ቤቱ ከሚያስፈልገው አብልጦ መሞቅ ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ ሁለት ዙር ያለው ሰው የሁለቱን ፓምፖች ልክ እጅግ ማቀራረብ፥ ልዩነት ቢኖርም የቤቱ ፓምፕ በጥቂቱ የሚበልጥ እንዲሆን ማድረግ ይገባዋል።

3ኛ፤ በመለያያ በርሜል የሚሠራው አዘረጋግ። ይህ ባለሙያዎቹ ሎው ሎስ ሄደር የሚሉት፥ ቆሞ የሚተከል ወፍራም ቧንቧ ነው። የቦይለሩ ሂያጅና ተመላሽ በአንድ ወገኑ፥ የቤቱ ሂያጅና ተመላሽ በሌላው ወገኑ ይገባሉ። ውሃው በሰፊው በርሜል ውስጥ በዝግታ ስለሚሄድ፥ አየሩ ወደ ላይ ወጥቶ፥ ቆሻሻው ወደ ታች ዘቅጦ ይለያል። ይህ ጥቅሙ ነው። ነገር ግን በመገናኛዎቹ የተናገርነው የመቀላቀል ነገር በዚህም ሳይቀር ይገኛል፤ የሁለቱ ወገን ውሃ ልክ ካልተቀራረበ፥ በርሜሉ የማቀላቀያ ድስት ይሆናል። ብዙ ክፍልና ብዙ ፓምፕ ለሌለው ቤት ይህን በርሜል መትከል፥ ለአንዲት በቅሎ የጦር ሰፈር በረት እንደ መሥራት ያለ ነው።

4ኛ፤ የወለል ማሞቂያና ራዲያተር በአንድነት ያሉበት አዘረጋግ። አንዳንዱ ቤት ከወለሉ ሥር ቀጭን ቧንቧ ተጠምዝዞ ወለሉ ራሱ ይሞቃል። ለወለል 35 እስከ 45 ዲግሪ ያህል የሞቀ ውሃ ይበቃል፤ ከዚያ ቢበልጥ ወለሉን ይጎዳል፥ እግርንም ያስቸግራል። ስለዚህ ወለሉ የራሱ ማቀላቀያ መዝጊያና የራሱ ፓምፕ ይደረግለታል። ከወለሉ የሚመለሰው ውሃ እጅግ የቀዘቀዘ ስለ ሆነ ለቦይለሩ ታላቅ በረከት ነው፤ ሠራተኛው ይህን ቀዝቃዛ ተመላሽ በከንቱ ከትኩስ ውሃ ጋር ሳይቀላቅል ወደ ቦይለሩ ማድረስ አለበት።

በራዲያተሮቹ መካከል

ከቦይለሩ አጠገብ ያለው አዘረጋግ ያማረ ቢሆንም፥ በራዲያተሮቹ መካከል ያለው ከተበላሸ ዋጋ የለውም። በአሮጌ ቤቶች አንዳንድ ጊዜ አንድ ቧንቧ ብቻ ቤቱን ዞሮ፥ እያንዳንዱ ራዲያተር ከዚያው ወስዶ ወደዚያው ይመልሳል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ክፍል ትኩስ፥ የመጨረሻው ክፍል ለብ ያለ ውሃ ያገኛል። በመጨረሻው ክፍል የሚያድሩት ልጆች ወይም ሽማግሌዎች እንዳይበርዳቸው ሲባል ቦይለሩን ማጋል ግድ ይሆናል። ስለዚህ ሂያጁና ተመላሹ የተለያዩበት ባለ ሁለት ቧንቧ አዘረጋግ ይሻላል።

ባለ ሁለት ቧንቧውም ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ለቦይለሩ የቀረበው ራዲያተር አስቀድሞ ይቀበላል፥ አስቀድሞም ይመልሳል፤ መንገዱ አጭር ስለ ሆነ ውሃው ወደ እርሱ ያደላል። በሁለተኛው ግን አስቀድሞ የተቀበለው ራዲያተር በመጨረሻ ይመልሳል፤ የሁሉም መንገድ እኩል ስለሚሆን ውሃው ያለ አድልዎ ይከፋፈላል። ይህን ሁለተኛውን ጀርመኖች በቲክልማን ስም ይጠሩታል። ቧንቧው ረዘም፥ ወጭውም ከፍ ይላል፤ አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በተሠራ ቤት ላለ ሰው መድኃኒቱ በየራዲያተሩ ግርጌ ያለውን ማስተካከያ መዝጊያ፥ ለቅርቡ ጠበብ፥ ለሩቁ ሰፋ አድርጎ ማመዛዘን ነው። ሳይመዛዘን የቀረ እንደ ሆነ ከቅርቡ ራዲያተር ሞቆ የሚመለሰው ውሃ የሌሎቹን ቅዝቃዜ ያጠፋል።

ውሃው በዝግታ መሄዱም ጥቅም አለው። 10 ኪሎ ዋት ሙቀት ለቤት ለማድረስ፥ በሂያጁና በተመላሹ መካከል 10 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር በየደቂቃው 14 ሊትር ያህል ውሃ መሄድ አለበት፤ ልዩነቱ 20 ዲግሪ ቢሆን ግን 7 ሊትር ያህል ይበቃል። ሙቀቱ ያው ነው፤ በሁለተኛው ግን ተመላሹ የበለጠ ቀዝቅዞ ይመጣል፥ ፓምፑም ይቀልለዋል።

ሂያጁን ዝቅ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው የራዲያተሩንም መጠን ያስብ። የራዲያተሩ ሙቀት ከክፍሉ ሙቀት በ50 ዲግሪ ሲበልጥ የሚሰጠውን ኃይል፥ በ30 ዲግሪ ብቻ ሲበልጥ ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ስለዚህ በዝቅተኛ ሙቀት የሚሠራ ቤት ሰፋ ያለ ራዲያተር ያስፈልገዋል። በእንግሊዝ ከሰኔ ወር 2022 ወዲህ አዲስ ወይም ፈጽሞ የታደሰ የውሃ ማሞቂያ ሥርዓት ሂያጁ ከ55 ዲግሪ ሳይበልጥ ቤቱን እንዲያሞቅ ሆኖ መታቀድ እንዳለበት የተደነገገው ስለዚሁ ነው። የአየሩን ብርድ እየለካ፥ ቀኑ ሲለዝብ ሂያጁን በራሱ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያም አለ፤ ይህን የጨመረ ሰው አይጸጸትም።

ስለ መታጠቢያ ውሃ ግን ልዩ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። የመታጠቢያው ሙቅ ውሃ በጋን የሚጠራቀም እንደ ሆነ፥ ሊጅዮኔላ የሚባለው የሳንባ በሽታ አምጭ ተሕዋስያን እንዳይራቡበት በ60 ዲግሪ መቀመጥ ይገባዋል። ጋዝ ለመቆጠብ ሲባል ይህን ዝቅ ማድረግ ጤናን ለገንዘብ መለወጥ ነው። ብልኅ ሠራተኛ ለጋኑ የተለየ መስመር ይሰጠዋል፤ ጋኑ ሲሞቅ ብቻ ቦይለሩ ከፍ ብሎ ይሠራል፥ ከዚያም ለቤቱ ማሞቂያ ወደ ዝቅተኛው ልክ ይመለሳል።

ጤዛው የሚወርድበት ቧንቧ

ብዙ ሰው የሚረሳው ትንሹ ቧንቧ ይህ ነው። ከጢሱ የተለቀመው ውሃ ኮምጣጣ ስለ ሆነ መዳብን ይበላል፤ ስለዚህ በፕላስቲክ ቧንቧ ወደ ፍሳሽ መውረጃ ይወሰዳል። ይህ ቧንቧ በቤቱ ውስጥ አልፎ ቢወርድ ይመረጣል። ከቤት ውጭ ማለፉ ግድ ቢሆን አጭር፥ ወደ ታች ያዘነበለና ብርድ በማያስገባ ልባስ የተጠቀለለ መሆን፥ ስፋቱም ከ30 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። በታኅሣሥ ወር 2010 በእንግሊዝ አገር ብርቱ ውርጭ በወረደ ጊዜ፥ በብዙ ቤቶች ይህ ቧንቧ በረዶ ሞልቶት ቦይለሮቹ ቆሙ፤ ሕፃንና አረጋዊ ያለበት ቤት ሁሉ ማሞቂያው ከመቼውም ይልቅ በሚያስፈልግበት ሌሊት ያለ ሙቀት አደረ። የመቶ ቀን ልፋት በአንዲት ክንድ ቧንቧ ይፈርሳል፤ ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚባለውም ስለዚህ ነው። ቧንቧው የቀዘቀዘበት ሰው፥ ከመሬት ሆኖ የሚደርስበት ከሆነ፥ የፈላ ሳይሆን ለብ ያለ ውሃ በላዩ እያፈሰሰ ሊያሟሟው ይችላል።

ባለቤቱ ሊጠይቅ የሚገባው

በብሪታንያ በጋዝ መሣሪያ ላይ ለመሥራት በጋዝ ሴፍ መዝገብ የተመዘገበ ሠራተኛ መሆን ያስፈልጋል። ይህ መዝገብ ከ2009 ጀምሮ የቆመ ነው። በክፉ የሚነድ ጋዝ ሽታና ቀለም የሌለው ገዳይ መርዝ ስለሚያወጣ፥ ማንም ባለቤት ቦይለሩን በራሱ እጅ እንዲነካካ አንመክርም። ነገር ግን ሠራተኛውን መጠየቅ የባለቤቱና የቤት እመቤቲቱ መብት ነው። ጥያቄዎቹም እነዚህ ናቸው።

1ኛ፤ ቤቴ በቀጥተኛው አዘረጋግ የማይሠራው ስለምን ነው? ሁለት ዙር ወይም በርሜል ካስፈለገ ምክንያቱ ምንድን ነው?

2ኛ፤ በብርዱ ቀን ተመላሹ ውሃ ስንት ዲግሪ ይሆናል ብለው አስበዋል?

3ኛ፤ ትኩስ ውሃ ቤቱን ሳያሞቅ ወደ ተመላሹ የሚሻገርበት ስፍራ አለን? ካለ በምን ይጠበቃል?

4ኛ፤ ራዲያተሮቹን በሙሉ አመዛዝነው ያስረክቡኛልን? ወደ ቦይለሩ በሚገባው ተመላሽ ላይስ የብረት ዝቃጭ የሚይዝ ማጥለያ ይገባልን?

5ኛ፤ የጤዛው ቧንቧ በየት ይወርዳል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች በትዕግሥት የሚመልስ ሠራተኛ ሙያውን የሚያውቅ ነው። ጥያቄውን የሚንቅና የመሣሪያውን ስም ብቻ የሚያወድስ ቢሆን፥ ባለቤቱ ሌላ ሠራተኛ ቢፈልግ ይሻለዋል። ሥራው ካለቀ በኋላም መመርመር ቀላል ነው። በሂያጁና በተመላሹ ቧንቧ ላይ ሁለት ትናንሽ ቴርሞሜትሮች ያሳስር፤ ቤቱ በሚሞቅበት ሰዓትም ተመላሹ ከ55 ዲግሪ በታች መሆኑን ይመልከት። የጤዛውም ውሃ መንጠባጠቡን ያዳምጥ። ቤቱ እየሞቀ ውሃ የማይወርድ እንደ ሆነ፥ ሙቀቱ በጢስ መውጫው እየሄደ ነው።

ቦይለር ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላ ይለወጣል፤ በግድግዳና በወለል ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ ግን ከዚያ አልፎ ለልጆች ይቀራል። ዛሬ በችኰላ የተዘረጋ ቧንቧ፥ ገና ያልተገዛውን ቦይለር እንኳ አስቀድሞ ያበላሸዋል። ስለዚህ ቤት የሚሠራም ሆነ የሚያድስ ሰው ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት የቧንቧውን ንድፍ በወረቀት አስነድፎ ይመርምረው፤ ንድፉንም ከቤቱ የባለቤትነት ወረቀት ጋር ያኑረው። ከእርሱ በኋላ በዚያ ቤት የሚኖር፥ ቧንቧውንም የሚጠግን ሰው ያመሰግነዋልና።